ሠላሳ አራት ጊዜ «ይደግፋል»

ሐምሌ 4 ቀን 2003፣ ቡታጅራ

ዛሬ ታሪካዊ ኃላፊነት ተሰጠኝ። ታሪካዊ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አለቃዬ አቶ ስምዖን ናቸው። ማዕከላችን የአካባቢውን አዛውንቶች ድምፅ እየቀረጸ ያስቀምጣል። ሦስት የቻይና መቅረጫ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አምስት ሠራተኛ አለን፤ አምስታችንም በአምስት ለአንድ ተደራጅተን እርስ በርሳችን እንገማገማለን። የተቀረጸውን ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል የምንቀይርበት ፕሮግራም በነጻ የተገኘ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን የሚጫኑት ሥዕል ምናምን የለውም። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ትጽፍለታለህ። ልክ ከጻፍክ ዝም ብሎ ይሠራል፣ ከተሳሳትክም ዝም ብሎ ይሠራል።

አቶ ስምዖን ፕሮግራሙ የትኞቹን የድምፅ ፋይሎች እንደሚደግፍ የሚዘረዝር ማኑዋል በአማርኛ ጻፍ አሉኝ። የዞን ሰዎች ከወልቂጤ ለመስክ ምልከታ ሊመጡ ነው። በዓመታዊ ዕቅዳችን ላይ «አንድ ማኑዋል» የሚል ገብቶ ኖሯል፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልተወሰነም ነበር። ጥሩ ከሠራሁ ወልቂጤ ዞን መምሪያ ክፍት ቦታ እንዳለ ጠቆም አደረጉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እርከን ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ጥቆማ እንቅልፍ ይነሳል።

ሐምሌ 6

ዋቭ፣ ኤምፒስሪ፣ ኦግ፣ ፍላክ እያልኩ ስሞክር ዋልኩ። ሠላሳ አራት ዓይነት ደረስኩ። አራቱ እኛ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አሉ።

ሠንጠረዡን ባለ ሦስት ዓምድ አደረግሁት፦ የፋይሉ ዓይነት፣ ይደግፋል ወይም አይደግፍም፣ ጥንቃቄ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው ላቤን ያፈሰስኩት። በተለይ ቮክስ ላይ። መቅረጫዎቻችን የሚያወጡት እሱን ነው። ሌላው ፋይል በስንት ፍጥነት እንደተቀረጸ ራሱ ላይ ተጽፎበታል፤ ቮክስ ግን መታወቂያ የለውም። ስምንት ሺህ ነህ ካልከው እሺ ይላል፣ ስድስት ሺህ ነህ ብትለውም እሺ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሺህ ነው። መቅረጫው ጎን ላይ ያለችው ቁልፍ «ረጅም» ላይ ከሆነች ግን ስድስት ሺህ ነው። ከተሳሳትክ ተናጋሪው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ይህን ሁሉ በአራት መስመር አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ አራት መስመር በዚህ ቢሮ ተጽፎ አያውቅም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለማ።

ሐምሌ 8

አቶ ስምዖን ማኑዋሉን አነበቡ። ማለቴ ገለጡ። ጣታቸው «ጥንቃቄ» ላይ ሲደርስ ቆመ። የዞን ሰው ጥንቃቄ የሚል ካየ ችግር አለ ይላል፣ ችግር አለ ካለ ደግሞ የመፍትሔ ሰነድ አምጡ ይላል፣ ይህ ሁሉ ለምን? አሉ። እኔም ቮክስን ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ሰነድ ላይ ጥርጣሬ አይጻፍም» አሉኝ። «ጥርጣሬ ካለህ በግምገማ አንሳው።»

ዓምዱን አጠፋሁት። እምቢ ያሉት አራቱም በአቅጣጫ ይደግፋሉ ተባለ። አሁን ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ሠላሳ አራት ጊዜ «ይደግፋል» ይላል። ቮክስ አጠገብ «8000» ብቻ ቀረ። የቁልፏን ነገር ለቤዛ በቃል እነግራታለሁ። ሜዳ ወጥታ የምትቀርጸውም፣ ፋይሉን የምትቀይረውም እሷ ናት።

ሐምሌ 11

ሐጂ ሙሀመድሰይድ ዛሬ ጠዋት አረፉ። የምኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው፤ ሦስት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። በዚህ ከተማ በርበሬ የሚነግድ ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር ዋጋ አይቆርጥም ነበር። ቀብሩ ላይ ያልነበረ ሰው ካለ ቡታጅራ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ ግን ከሐዘኑ ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ጥር ያለ ወቅቱ ዝናብ ዘነበ፣ የተሰጣው በርበሬ በሰበሰ፣ ሐጂም ተናደው ሚስታቸውን እትዬ ሳሌሃን ገበያ መሀል ፈታሁሽ አሏቸው። ለሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ጆንያ በርበሬ በቃው። የካቲት ላይ ሐጂ አልጋ ላይ ሲወድቁ ግን ያስታመሟቸው እትዬ ሳሌሃ ናቸው። ልጅ አልወለዱም።

ሐምሌ 14

ማኑዋሉ ታተመ። ሽፋኑ ላይ የአቶ ስምዖን ስም አለ። የኔም አለ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «በጽሕፈት የተባበሩ» በሚለው ሥር። ለቤዛ አንድ ቅጂ ሰጠኋት። ስብሰባ ነበረብኝ፣ የቁልፏን ነገር አላወራንም።

ሐምሌ 19

የሐጂ ታናሽ ወንድም ሙስተፋ ከጉንችሬ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሰባት ቀን ሙሉ አለቀሰ፣ በስምንተኛው ቀን የግቢውን ካርታ ጠየቀ። የሚለው ነገር አጭር ነው። ወንድሜ ጥር ላይ ፈቷታል። ሦስት ወሩ፣ የተፈታች ሴት የምትጠብቀው ዒዳ፣ ሚያዝያ ላይ አልቋል። በዚያ መሀል መልሻታለሁ ሲል የሰማ የለም። ስለዚህ ባዕድ ናት፣ ትውጣ። ባዕድ ከሆነች ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ምን ትሠራ እንደነበር አልተናገረም። መናገር አላስፈለገውም፤ ሰፈሩ ይጨርስለታል።

እትዬ ሳሌሃ ጠሩኝ። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ከቤት አይወጡም፣ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ነው ያነጋገሩኝ። ሐጂ መልሰዋቸዋል፣ መጋቢት ላይ፣ ዒዳው ሳያልቅ። ገበያ ላይ የፈቷትን ሴት ጓዳ ውስጥ መመለስ አሳፍሯቸው፣ ሲሻለኝ በሰው ፊት እናገራለሁ ብለው ነበር። አልተሻላቸውም። ቃሉ የወጣው ግን ያቺ የቢሮአችሁ ልጅ የገበያውን ታሪክ ልትቀርጽ በመጣችበት ቀን ነው አሉ። ቤዛ ስልክ ተደውሎላት መቅረጫውን አልጋው ላይ ትታ ወጣች፣ እሷ ደጅ እያወራች ሐጂ ተናገሩ።

«ዕቃው ሰምቷል» አሉኝ። «ከአላህ ሌላ የሰማ እሱ ብቻ ነው።»

ሐምሌ 22

ቤዛ ፋይሉን አገኘችው። ከመጋቢት ጀምሮ ማንም ያልከፈተው ክምር ውስጥ። የሚገርም አይደለም፣ እኛ ሪፖርት የምናደርገው ብዛታቸውን ነው። ማኑዋሉን ዘርግታ፣ መስመር በመስመር እየተከተለች፣ ስምንት ሺህ ብላ ቀየረችው። ማኑዋልህ ግሩም ነው፣ አንድም ቦታ አልደናገረኝም አለችኝ። ደስ አለኝ።

እኔ አልሰማሁትም። ሩብ ዓመት ሪፖርት ይዞኝ ነበር።

ሐምሌ 24

ሽማግሌዎች ዛሬ ግቢያችን ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሼህ ዑመይር ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲዋሽ ጺማቸውን የሚይዙ ሽማግሌ። አግዳሚ ወንበር ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ቤዛ ኮምፒውተሯንና ማጉያውን አምጥታ ከፈተች።

ወይ ጉድ። አንድ ቀጭን፣ ችኩል ድምፅ «ሳሌሃን ፈትቻት ነበር፣ መልሻታለሁ፣ ሚስቴ ናት» አለና ሳል አለ። ሐጂ ከየካቲት ወዲህ አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ የሚተነፍሱ ሰው ነበሩ። ይሄ አውቶቡስ የሚያመልጠው ወጣት ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በወጋቸው የምስክር ቃል ሦስት ጊዜ ይሰማልና ድገሚው አሏት። ደገመችው። ሳሉ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ አሰማቻቸው፣ ያው ሳል። አንዱ ሽማግሌ እውነተኛ ሰው ቃሉን ሲደግም ትንሽ ያዛንፋል፣ ይሄ ግን የተጠና ነው አሉ። ኮምፒውተር እንዲህ ነው የሚደግመው ብላ ቤዛ ብታስረዳ ባሰባት።

ሙስተፋ ተነሳ። ወጣት ቀጥራ አስቀድታ ነው አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ የኮምፒውተሩ ባለሙያ አንተ ነህ አሉ፣ ማሽኑ የሰው ድምፅ ያበላሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም አዩኝ። ያጠፋሁት ዓምድ ውል አለኝ፣ ልለው ግን አልቻልኩም።

«በማኑዋሉ መሠረት አያበላሽም» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ተመልሰው ሊቋጩት ቀጠሮ ያዙ።

ሐምሌ 27

ረመዳን ገብቷል። ከተማው ቀን ዝም ይላል። እኔ የራሴን ዝምታ ምክንያት ጾም ላይ ማላከክ አልችልም፣ የኛ ፍልሰታ ገና አልገባም።

ዛሬም እትዬ ሳሌሃን በመስኮት እንዴት አደሩ አልኳቸው። ደህና ብለዋል። አስቀዳች የተባለች ሴት ደህና ስትል እንዴት እንደሆነ እንግዲህ ሰማሁ።

ነሐሴ 3

ቤዛ መቅረጫውን ቻርጅ አድርግልኝ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው። ቁልፏ «ረጅም» ላይ ናት። አቧራዋ አልተነካም፤ ከተገዛች ጀምሮ እዚያው ናት።

ሰው ሲወጣ ጠብቄ የሐጂን ፋይል ስድስት ሺህ ብዬ ከፈትኩት።

ሐጂ ናቸው። ከነትንፋሻቸው፣ ከነሳላቸው። «ሳሌሃን… ፈትቻት ነበር።» ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ደጅ ቤዛ ስልክ ላይ ስትስቅ፣ ከዚያ «መልሻታለሁ።» ቀጥሎ የእትዬ ሳሌሃ ድምፅ፣ በቀስታ፣ ውኃ ልስጥህ ሲሉ። በስምንት ሺህ ይህ የወፍ ጫጫታ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም።

ቤዛ በማኑዋሉ የቀየረቻቸውን ሌሎቹንም ከፈትኩ። ስልሳ ሁለት አዛውንት ጎረምሳ አድርገናል። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። መስኮቱን ዘጋሁት።

ነገ ለአቶ ስምዖን እናገራለሁ።

ነሐሴ 4

አቶ ስምዖን ሆሳዕና ለሥልጠና ሄደዋል። የለውጥ አመራር ሥልጠና ነው።

ነሐሴ 9

በደንብ አሰብኩበት። እኔ የእትዬ ሳሌሃ ተከራይ ነኝ። ብናገር ሙስተፋ ለአከራዩ ያደላል ይላል፣ ምስክርነቴ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። ስለዚህ ዝም ማለቴ በአንድ በኩል ለሳቸው ማሰብ ነው። ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ጸሐፊው እኔ ባልሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

ነሐሴ 12

ፍልሰታ ነው፣ እጾማለሁ። እትዬ ሳሌሃ ግን ማታ ሲያፈጥሩ ለኔ ለብቻው ያለ ቅቤ እያሠሩ ይልኩልኛል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው የኔን ጾም ይቆጥራሉ። ሳህኑን ልመልስ ስሄድ በመጋረጃ ውስጥ ጠየቁኝ።

«አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ። የሰው ድምፅ እንዲህ ሊለወጥ ይችላል?»

«ያጋጥማል» አልኳቸው።

ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ ዝናብ እንዲህ አሳምሬ አውርቼ አላውቅም።

ነሐሴ 18

የዞን ሰዎች መጡ። አቶ ስምዖን ማኑዋሉን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡ። የቡድን መሪው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ መቶ በመቶ ነው ማለት ነው ብለው ጠየቁ። መቶ በመቶ ነው ተባሉ። ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተያዘ። ተቀምሮ እስከ እምድብርና አረቅጥ ይሰፋል። በቅርቡ ደጋውም ቆላውም አዛውንቶቹን ያስጎረምሳል።

ወልቂጤ ያለው ቦታ ላንተ ነው፣ ደብዳቤ ጠብቅ አሉኝ። እጄን ጨበጡኝ። እጄ ላብ ነበረው፣ ደስታ መሰላቸው።

ሻይ እረፍት ላይ ለአቶ ስምዖን የቮክስን ነገር ሹክ አልኳቸው። አላዘኑም አልተቆጡም። ከተቀመረ በኋላ በክለሳ ይስተካከላል አሉ። ክለሳው መቼ ነው ብል በሚቀጥለው በጀት ዓመት። ዝም አይነቅዝም ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ነሐሴ 24

ዒድ። ከተማው ነጭ ለብሶ ወጣ። እኛ ግቢ ግን ሙስተፋ አንድ ግንበኛ ይዞ መጥቶ ክፍሎቹን በሜትር አስለካ። የኔንም ክፍል ለካ። መሀል ላይ ግድግዳ ይፈርሳል አለኝ፣ አንተ ግን ወልቂጤ መሄድህ አይደል። ወሬው ቀድሞኛል።

ቧንቧው ጋ ሁለት ሴቶች ጀሪካን እየሞሉ ያወራሉ፤ መኖሬን አላዩም። ከሚያዝያ ጀምሮ ምኑ ነበረች ታዲያ? አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት ዒድ በመጣ ቁጥር ለሰፈሩ ሥጋ ያከፋፈሉ ሴት ናቸው የሚሳቅባቸው። ጀሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ። እኔ ነኝ ያስሳቅሁባቸው፣ ሌላ ማንም አይደለም። አቶ ስምዖንም አይደሉም። እሳቸው ቁልፏ የት እንዳለች አያውቁም፣ እኔ አውቅ ነበር።

ነሐሴ 28

የወልቂጤው ደብዳቤ ደረሰ። ማኅተም፣ ቁጥር፣ ግልባጭ፣ ሁሉ ነገር አለው። መስከረም 10 ሪፖርት አድርግ ይላል።

ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ።

ነሐሴ 29

እንደሆነው ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ኮምፒውተሩን ይዤ ወጣሁ። ያለፈው በተሳሳተ ፍጥነት ነው የተሰማው፣ ትክክለኛው ይኸው ብዬ በስድስት ሺህ ከፈትኩት። ሐጂ ተናገሩ። ሙስተፋ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። እኔም አለቀ፣ ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ጅል ነኝ። ሙስተፋ ጋቢውን ከፊቱ ሲያነሳ ዓይኑ ቀልቷል፣ ቃሉ ግን አልላላም። ባለፈው ይኸው መኪና ወንድሜን ወጣት አደረገው፣ ዛሬ አሮጌ አደረገው፣ ነገ ደግሞ ሴት ያደርገዋል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ነው። እኔ ብሆንም አላምንም። ስለ ናሙና፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ፋይል ማብራራት ጀመርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ሌባ እየመሰልኩ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን ብናገር ኖሮ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰሙ ነበር። አሁን ሁለት አላቸው፣ ሁለቱንም ጣሏቸው።

ሼህ ዑመይር እጃቸውን አነሱ።

«መኪናውን ዝጋው» አሉኝ። «መኪና አይምልም። አንተን ነው የምንጠይቀው። ባለፈው አያበላሽም ያልከን አንተ አይደለህም?»

እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፏን እንደማውቅ፣ ጽፌው እንደነበር፣ ዓምዱን በገዛ እጄ እንዳጠፋሁ፣ ለቤዛ እነግራታለሁ ብዬ እንዳልነገርኳት፣ በማኑዋሉ መሠረት ያልኳቸው ራሴ በጻፍኩት ወረቀት ተከልዬ እንደሆነ። ቤዛ አጠገቤ ነበረች፣ ወደኔ አላየችም።

«መቼ አወቅህ?» አሉ ሼህ ዑመይር።

ትናንት ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። ትናንት ብል ትጉህ ባለሙያ ነኝ፣ እንዳወቀ ሮጦ የመጣ። እትዬ ሳሌሃ መጋረጃው ጀርባ እንዳሉ አውቃለሁ።

«ነሐሴ ሦስት» አልኩ።

ሼህ ዑመይር ጺማቸውን አልያዙም። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ ይህ ሰው ሊያታልለን ቢፈልግ ኖሮ ትናንት ይለን ነበር፣ ለሐሰት ብሎ ራሱን እንዲህ የሚያዋርድ የለም አሉ። ሙስተፋን የወንድምህ ድምፅ ነው አይደለም ብለው ጠየቁት። ሙስተፋ መሬት እያየ፣ ውኃ ልስጥህ ያለችው እሷ ናት፣ እሱን ማንም አያስጠናትም አለ። ሐጂ መልሰዋታል ተባለ። ሚስቱ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት ናት፣ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለች። የፋቲሓ ጸሎት ተደረገ።

ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም።

ጳጉሜን 3

በሽማግሌ ፊት የተናገርኩት ዞን ደረሰ፤ የወልቂጤው ደብዳቤ «ለጊዜው ተይዟል»። አቶ ስምዖን እንደነገሩኝ ከሆነ ማኑዋሉ ግን አልተያዘም፣ እየተባዛ ነው።

ከሰዓት እትዬ ሳሌሃ አስጠሩኝ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ከበሩ ውጭ ቆምኩ። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ነበር፣ ቀደሙኝ።

«ነሐሴ ሦስት ማክሰኞ ነበር?»

«አዎ።»

«ረቡዕ ጠዋት እንዴት አደሩ ብለኸኛል።»

«ብያለሁ» አልኩ።

ኀሙስም፣ ዓርብም፣ ረመዳኑን ሙሉ ብለኸኛል አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አልረግምህም፣ በመጨረሻ እውነቱን ስለተናገርክ አላህ ይስጥህ አሉ። ሙስተፋን አውቀዋለሁ አሉ፣ እሱ ጠላት ነበር፣ እንደ ጠላት ሠራ። አንተን ግን እንደ ቤቴ ሰው ነበር የማይህ።

«በየማለዳው እንዴት አደሩ ስትለኝ ግን መስማት አልችልም» አሉኝ። «እስከ መስከረም መጨረሻ ክፍል ፈልግ።»

እሺ አልኩ። ልሄድ ስል ደህና ይዋሉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄን መስማት እንደማይፈልጉ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። መጻሕፍቴን በካርቶን ማሰር ጀምሬአለሁ።